ገበያ ሲቀዘቅዝ የትንሽ ኩባንያ አክሲዮን በርካሽ እንዴት ይገዛል?

ከቃሊቲ ወጥታችሁ በገላን በኩል ወደ ዱከም ስትሄዱ መንገዱን ግራና ቀኝ የያዙት ፋብሪካዎችና መጋዘኖች ናቸው። በዚህ ዙሪያ ከሚሠሩት ኩባንያዎች አንዳንዶቹ የአክሲዮን ማኅበር ናቸው። ባለቤቶቻቸው ከደመወዛቸው ቀንሰው ድርሻ የገዙ ተራ ሰዎች ጭምር ናቸው። ገበያ ሲቀዘቅዝ ከመካከላቸው ብር የሚቸግረው አይጠፋም። የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ አለ፣ የኮንዶሚኒየም ዕዳ አለ፣ ሕመም አለ። ድርሻውን ከገዛበት ዋጋ አውርዶ ለመሸጥ ይገደዳል። ያን ጊዜ አስቦ የሚገዛ ሰው ጥሩ ነገር ሊያገኝ ይችላል።

ግን ረከሰ ማለት ያዋጣል ማለት አይደለም። 1,000 ብር የተጻፈበት አክሲዮን በ400 ብር ቢቀርብላችሁ 600 ብር አላተረፋችሁም። 1,000 ብሩ ኩባንያው ሲመሠረት የተጻፈ ቁጥር ነው። ዋናው ጥያቄ ዛሬ ከጀርባው ምን አለ የሚለው ነው።

በመጀመሪያ ገንዘባችሁን ለዩ

ለጥቂት ዓመታት የማትፈልጉትን ብር ብቻ መድቡ። የእቁብና የቤት ኪራይ ብር አይነካ። የትንሽ ኩባንያ አክሲዮን ነገ ልሽጠው ስትሉ ገዢ ላይገኝለት ይችላል። የምትመርጡትም ሥራው የሚገባችሁን ይሁን፤ ዱቄት፣ ሳሙና፣ ፕላስቲክ፣ ከሰፈር ሱቅ ዕቃውን የምታውቁት።

ሪፖርቱን አግኙ፣ ቁጭ ብላችሁ አስሉ

የብዙ ኩባንያዎች ሒሳብ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ጠቅላላ ጉባኤያቸውን በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ያካሂዳሉ። ሻጩ ባለአክሲዮን ስለሆነ በኦዲት የተመረመረውን ሪፖርት ማግኘት ይችላል። የሁለት ሦስት ዓመቱን አምጣ በሉት። አላመጣም ካለ ነገሩን እዚያው ተዉት። ሪፖርቱ እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ የኦዲተሩን አስተያየት አንብቡ። ነቀፌታ ካለበት ምክንያቱን ሳታውቁ ወደ ቁጥሩ አትለፉ።

ማሽኑንና ሕንፃውን ለጊዜው ትተን ስሌቱን በምሳሌ እንየው። ኩባንያው በባንክ 40 ሚሊዮን ብር አለው እንበል። ከደንበኞች የሚሰበስበው ዱቤ 30 ሚሊዮን፣ መጋዘን ያለው ዕቃ 50 ሚሊዮን ነው። ድምሩ 120 ሚሊዮን ይሆናል። ጠቅላላ ዕዳው 70 ሚሊዮን ነው። የሚተርፈው 50 ሚሊዮን ለ100,000 አክሲዮን ሲካፈል ለአንዱ 500 ብር ይደርሰዋል። በ400 ብር መግዛት አሪፍ ይመስላል።

አሁን ጨከን በሉ። ገበያ ሲቀዘቅዝ ዱቤ ሁሉ አይሰበሰብም፤ ሩብ ያህሉን ቀንሱና 22.5 ሚሊዮን አድርጉት። ዕቃውም በተጻፈበት ዋጋ አይሸጥም፤ በግማሽ ያዙት፣ 25 ሚሊዮን። ከባንኩ ጋር ሲደመር 87.5 ሚሊዮን ይመጣል። ዕዳው ሲነሳ 17.5 ሚሊዮን ይቀራል። ለአንድ አክሲዮን 175 ብር ብቻ ሆነ ማለት ነው። እኔ ከዚህ በኋላ 400 ብሩን ርካሽ አልለውም፤ ከማሽኑና ከሕንፃው የሚመጣ ተጨማሪ ዋጋ ካልተገኘ በቀር።

እሱም ሊገኝ ይችላል። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከዚያ በፊት የገባ ማሽን መዝገብ ላይ በአሮጌ ዋጋ ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ ያንኑ ማሽን ለማስመጣት የሚያስፈልገው ብር ግን እጅግ ይበልጣል። እዚህ ላይ ነው ሌላው ሰው ያላየው ዋጋ የሚደበቀው። በተቃራኒው የዶላር ዕዳ ያለበት ወይም ጥሬ ዕቃው ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ኩባንያ በዚያው ምክንያት ይጎዳል። ሪፖርቱ ላይ ሁለቱንም ፈልጉ።

ፋብሪካው በር ሂዱ

ከከተማው ዳር ለምንኖር ሰዎች ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ታክሲ ይዞ መድረስ ይቻላል። ፈረቃ በሚቀየርበት ሰዓት ሂዱ። በሩ አጠገብ የጀበና ቡና አይጠፋምና ቁጭ በሉ። የሚገባውንና የሚወጣውን መኪና እዩ። ጥሬ ዕቃ የጫነ እየገባ፣ ምርት የጫነ አይሱዙ እየወጣ ከሆነ ሥራ አለ። ግቢው በምርት ተሞልቶ የሚጭን መኪና ከሌለ ያ 50 ሚሊዮን ብር ዕቃ እየሻገተ ሊሆን ይችላል።

ጫኝና አውራጆቹን፣ ሠራተኞቹን በትሕትና ጠይቁ። «ጋሼ፣ አሁን በስንት ፈረቃ ነው የምትሠሩት? ደመወዝ በጊዜው ይገባል?» ሦስት ፈረቃ የነበረው ወደ አንድ ከወረደ፣ ወይም ደመወዝ ከዘገየ፣ ሪፖርቱ ገና ያልነገራችሁን ሰማችሁ። ምክንያቱ የመብራት መቆራረጥ ብቻ ከሆነ ግን ያልፋል፤ ኩባንያው የታመመው በሌላ ነገር ነው ወይ ብላችሁ ለዩ።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

ከሻጩ ጋር ወደ ኩባንያው የአክሲዮን ክፍል ሂዱ። አክሲዮኑ የተፈረመ (ሊገዛ ቃል የተገባበት) ብቻ ነው ወይስ ሙሉ በሙሉ የተከፈለ? ቀሪ ክፍያ ካለበት ዕዳው ወደ እናንተ ሊዞር ይችላል። ለባንክ ብድር መያዣ ተደርጎ እንደሆነም አጣሩ። መመሥረቻ ጽሑፉን ደግሞ እዩት፤ ነባር ባለአክሲዮኖች ቅድሚያ የመግዛት መብት የተሰጣቸው ከሆነ ውላችሁ ሊፈርስ ይችላል። ውልና ማስረጃ መፈራረም ብቻውን አይበቃም። ባለአክሲዮን የምትሆኑት ስማችሁ የኩባንያው የባለአክሲዮኖች መዝገብ ላይ ሲሰፍር ነው።

በጥር 2017 በይፋ ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ለትንንሽና መካከለኛ ኩባንያዎች የእድገት ገበያ የሚል ክፍል አለው። እዚያ የተመዘገበ አክሲዮን የሚገዛው ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ባለው ደላላ በኩል ነው። ፈቃዱን ሳያሳይ «እኔ አስጨርስላችኋለሁ» የሚል ሰው ከመጣ ብር አትስጡት።

ስትገዙም የመደባችሁትን ብር ሁሉ በአንዴ አታውጡ። ጥቂት ግዙ፤ የሚቀጥለው ዓመት ሪፖርት ሲወጣ ስሌቱን እንደገና ሥሩ። ስልክና አድራሻችሁን አክሲዮን ክፍሉ ዘንድ በትክክል አስመዝግቡ፤ የጉባኤ ጥሪውም የትርፍ ድርሻውም የሚመጣው በዚያ ነው።