ብራውዘር ውስጥ ብቻ የሚሠራ ቪፒኤን፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ገበያው ሲቀዘቅዝ ወደ ሱቄ የሚገባው ሰው ሁሉ የተሰበረ ስክሪን ይዞ አይመጣም፤ «ቪፒኤን ጭኜ ነበር፣ ግን…» ብሎ የሚጀምረውም ብዙ ነው። ቪፒኤን የኢንተርኔት ግንኙነትን በሌላ ቦታ ባለ ሰርቨር (አገልጋይ ኮምፒውተር) በኩል አዙሮ የራስን አድራሻ የሚደብቅ አገልግሎት ነው። አብዛኛው የጫነው ብራውዘሩ ላይ የሚለጠፍ ኤክስቴንሽን ነው፤ አንዳንዱም ኦፔራ በተባለው ብራውዘር ውስጥ ተሠርቶ የሚመጣውን አብርቶ ነው። ነገሩ በራሱ ክፉ አይደለም። እኔም እጠቀምበታለሁ። የሚያስቸግረው ከአቅሙ በላይ ሲታመን ነው።

ኮምፒውተሩ በሙሉ ተሸፍኗል ብሎ ማሰብ

በቅርቡ ከኮምቦልቻ የመጣች የኢንጂነሪንግ ተማሪ ላፕቶፗን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ «ጋሼ፣ እኔ እኮ አሁን ሆላንድ ነኝ» አለችኝ። የአይፒ አድራሻ (መሣሪያው ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) የሚያሳይ ገጽ ከፈተች፤ እውነትም ኔዘርላንድስ ይላል። «እስቲ ኮምፒውተሩ ላይ የጫንሽውን ቴሌግራም ክፈቺልኝ፣ እህቴ» አልኳት። ቅንብሮች ውስጥ ገብተን አካውንቷ የተከፈተባቸውን መሣሪያዎች ዝርዝር አየን። ከላፕቶፗ ስም ሥር የተጻፈው ኢትዮጵያ ነው። ሁለቱን መስኮቶች ጎን ለጎን አደረግኋቸው። ጥቂት ዝም ብላ አየቻቸውና ሳቀች።

ኤክስቴንሽኑ ስሙ ቪፒኤን ቢባልም ሥራው የፕሮክሲ ነው፤ በብራውዘሩ በኩል የሚያልፈውን ብቻ ተቀብሎ በሌላ አገር ሰርቨር ያዞራል። ቴሌግራም፣ ዙም፣ የዊንዶውስ ማሻሻያ፣ ለብቻው የተጫነ ፋይል ማውረጃም ሁሉ በለመዱት መስመር በቀጥታ ይወጣሉ። አንድ መኪና በሌላ መንገድ ስለዞረ የቀሩት የሐረጎን ቁልቁለት ይዘው ወደ ኮምቦልቻ መውረዳቸውን አይተዉም። ሁሉንም በአንድ መስመር ማውጣት ከፈለጉ እንደ ዋየርጋርድ ወይም ኦፕንቪፒኤን ባለ አሠራር የሚሄድ፣ ኮምፒውተሩ ወይም ስልኩ ላይ ራሱን ችሎ የሚጫን ፕሮግራም ያስፈልጋል። አንድሮይድ ስልክ ላይ ደግሞ ቪፒኤኑ ሁልጊዜ እንዲበራና ያለ እርሱ ምንም ነገር እንዳይወጣ የሚያደርግ ምርጫ የቪፒኤን ቅንብሮች ውስጥ ያገኛሉ። ኤክስቴንሽን ላይ ይህን መጠበቅ ከንቱ ነው፤ ብዙዎቹ ግንኙነታቸው ሲቋረጥ ድምፅ ሳያሰሙ ወደ ቀጥታው መስመር ይመለሳሉ።

የግል መስኮቱን መርሳት

ይህ የሚያስቀው ነው። ሰው ለበለጠ ጥንቃቄ ብሎ የክሮምን የግል መስኮት ይከፍታል። ክሮም ግን እርስዎ ራስዎ ካልፈቀዱ በስተቀር ኤክስቴንሽኖችን እዚያ ውስጥ አያስገባም። ስለዚህ ጥንቃቄ በጨመሩበት መስኮት ቪፒኤኑ የለም። ስልክ ላይም ቴሌግራም ውስጥ የተላከልዎትን ሊንክ ሲነኩ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው በቴሌግራም በራሱ ገጽ ማሳያ እንጂ ቪፒኤን ባበሩበት ብራውዘር አይደለም። ሊንኩን ገልብጦ ብራውዘሩ ላይ መለጠፍ ለጊዜው ይበቃል።

ብራውዘሩ ራሱ እንደማያፈስ ማመን

ዌብአርቲሲ የሚባል ነገር አለ፤ በብራውዘር ውስጥ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ የሚያስችለው እርሱ ነው። ሁለቱን ደዋዮች በቀጥታ ለማገናኘት ሲል የእርስዎን ትክክለኛ አድራሻ ይጠይቃል፤ ጥያቄው ደግሞ ከፕሮክሲው ውጭ ሊሄድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ አንድ ድረ ገጽ በጥቂት መስመር ኮድ ይህን አድራሻ መሰብሰብ እንደሚችል በይፋ ታይቷል። የዲኤንኤስ ጥያቄም (የድረ ገጹን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው) እንዲሁ ሊያመልጥ ይችላል፤ ያኔ የሚከፍቱትን ገጽ ስም የኢንተርኔት አቅራቢዎ ያየዋል። ቪፒኤኑን አብርተው የዌብአርቲሲና የዲኤንኤስ መፍሰስ የሚፈትሽ ገጽ ይክፈቱ፤ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። የራስዎ አድራሻ ወይም የአቅራቢዎ ስም ከወጣ ያንን ኤክስቴንሽን ያስወግዱት።

በራስ ስም ገብቶ መደበቅ

ጂሜይልዎን ከፍተው ጉግል ማን እንደሆኑ እንዳያውቅ መጠበቅ አይቻልም። አድራሻ ተቀየረ እንጂ አካውንቱም ኩኪውም (ድረ ገጹ እርስዎን ለማስታወስ ብራውዘሩ ውስጥ የሚያስቀምጠው ትንሽ ፋይል) ያው ናቸው።

ነጻ ስለሆነ ብቻ መጫን

እዚህ ላይ ትንሽ እቆጣለሁ። ኤክስቴንሽኑን ሲጭኑ ብራውዘሩ፣ ይህ ኤክስቴንሽን በሚከፍቷቸው ድረ ገጾች ሁሉ ላይ ያለዎትን መረጃ እንዲያነብና እንዲቀይር ይፈቅዳሉ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሰው ግን «እሺ» የሚለውን ዓይኑን ጨፍኖ ይጫናል። ያ ፈቃድ የይለፍ ቃል የሚጻፍበትን ገጽ ይጨምራል። ከእርስዎ ገንዘብ የማይቀበል ሰው የሰርቨሩን ወጪ ከየት ያመጣል? ሆላ የተባለው ታዋቂ ነጻ አገልግሎት የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት መስመር ለሌሎች መውጫ እያደረገ፣ ሉሚናቲ በተባለ አገልግሎቱ በኩል ይሸጥ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2015 ተጋልጧል። የማያውቁት ሰው በእርስዎ አድራሻ ወጣ ማለት ነው፤ ጥፋት ቢሠራ መጀመሪያ የሚታየው የእርስዎ አድራሻ ነው። የአውስትራሊያው የምርምር ተቋም ሲኤስአይአርኦ ባለሙያዎች የተሳተፉበት የ2016 እ.ኤ.አ. ጥናትም 283 የአንድሮይድ ቪፒኤኖችን ፈትሾ 18 በመቶው ጨርሶ እንደማያመሰጥሩ፣ 38 በመቶው ላይ ደግሞ የጎጂ ሶፍትዌር ምልክት እንደተገኘ አሳይቷል። የተጠኑት የስልክ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ኤክስቴንሽኖቹን ግን በተሻለ ዓይን የማይበት ምክንያት አላገኘሁም።

ባንክ ሥራ ላይ አብርቶ መተው

የባንክ ገጽ ያለ ቪፒኤንም የተመሰጠረ ነው። ጠዋት ከደሴ፣ ከሰዓት ከአምስተርዳም የገባ ደንበኛ ግን ለባንኩ የጥበቃ ሥርዓት ሌባ ሊመስለው ይችላል። አካውንትዎ ተቆልፎ ቅርንጫፍ ከመሰለፍ አጥፍተው ይግቡ።

መስመሩ ሲቋረጥ ከቪፒኤን መፍትሔ መጠበቅ

ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ለአምስት ወራት ያህል ታግደው በነበረበት ጊዜ ቪፒኤን ለብዙ ሰው ሠርቷል፤ የተዘጉት አገልግሎቶቹ እንጂ መስመሩ አልነበረምና። በዚያው ዓመት ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ቪፒኤን ባለው ኢንተርኔት ላይ ይሄዳል እንጂ ኢንተርኔት አያመጣም። በእነዚያ ቀናት «ከዚህ የበረታ ቪፒኤን ጫንልኝ» እያሉ ስልካቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጡ ሰዎች ነበሩ። አብሬያቸው ቡና ጠጥቼ ስልካቸውን እንዳለ መለስኩላቸው።