የጎማ ኩሽኔታ ሲያልቅ፦ ድምፁን ከመለየት እስከ መቀየር

መኪናችሁ ከ50 በላይ ሲሄድ ከስር ውውውውው እያለ የሚያጉረመርም ነገር ካለው፣ ፍጥነት ስትጨምሩ እየጎላ ስትቀንሱ እየወረደ ከመጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ጎማ ነው ወይ የጎማ ኩሽኔታ (ጎማው ሳይፋተግ እንዲዞር የሚያደርገው ቤሪንግ) ነው። የሁለቱ ድምፅ በጣም ስለሚመሳሰል ሰው ሳይለይ ብር ያወጣል፣ ኩሽኔታ ተቀይሮ ጩኸቱ እዛው ይቀራል፣ ወይ አራት ጎማ ተገዝቶ ጩኸቱ እዛው ይቀራል። ስለዚህ እቃ ልትገዙ ሱማሌ ተራ ከመውረዳችሁ በፊት እንለየው። ምሳሌ የማደርገው አዲስ አበባን የሞላውን ቪትዝና ኮሮላ ነው፣ ሌላ መኪናም ቢሆን አካሄዱ ብዙም አይለይም፣ የሚለይበት ቦታ ስደርስ እናገራለሁ።

ድምፁ ከየት ነው የሚመጣው

መጀመሪያ ሞተሩን መለየት ነው። ጭር ያለ ቀጥ ያለ አስፋልት ላይ 60 ድረሱና ማርሹን ኒውትራል አድርጉት፣ ሞተሩን ግን እንዳታጠፉ መሪም ፍሬንም ይከብዳችኋል። የሞተሩ ዙር ወርዶ ድምፁ ግን እንዳለ ከቀጠለ ችግሩ ሞተር አይደለም፣ ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር ነገር ነው።

ቀጥሎ ጎማውን ጠርጥሩ። የጎማ ድምፅ መንገድ ሲቀየር ይቀየራል፣ ከሻካራ አስፋልት ወጥታችሁ አዲስ የተነጠፈ ለስላሳ መንገድ ስትገቡ ወዲያው ቀለል ይላል። ኩሽኔታ መንገድ አይመርጥም፣ የትም ይጮሃል። መኪናውን አቁማችሁ የጎማውን ጥርስ በእጃችሁ ወደፊትም ወደኋላም እሹት፣ በአንዱ አቅጣጫ ልስልስ ብሎ በሌላው እጃችሁን የሚይዝ ከሆነ ጎማው ወጣ ገባ ሆኖ ተበልቷል ማለት ነው፣ እሱም በደንብ አድርጎ ይጮሃል። አሁንም ከተጠራጠራችሁ ጎሚስታ ጋር ሂዱና የፊቱን ወደኋላ የኋላውን ወደፊት አስቀይሩ፣ ድምፁ ቦታ ከቀየረ ተገኘ፣ ጎማ ነው። ኩሽኔታ ከመግዛት እጅግ የሚረክስ ምርመራ ነው፣ ለምን ብዙ ሰው እንደሚዘለው አይገባኝም።

የትኛው ጎማ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ሰፊ ቦታ ላይ ቀስ እያላችሁ መሪውን ግራና ቀኝ አወዛውዙት። ወደ ግራ ስትታጠፉ የመኪናው ክብደት ወደ ቀኝ ጎማዎች ይሄዳል፣ ስለዚህ ወደ ግራ ስትዞሩ ድምፁ ከጎላ የቀኙን ጠርጥሩ፣ ወደ ቀኝ ስትዞሩ ከጎላ የግራውን። ይሄ ሁልጊዜ አይሰራም ግን፣ ኩሽኔታው ውስጥ ሁለት ረድፍ ኳስ ስላለ የተበላሸው የውስጠኛው ረድፍ ከሆነ ምልክቱ ሊገለበጥ ይችላል፣ ስለዚህ በዚህ ብቻ አትወስኑ። መሪ እስከ ጥግ ጠምዝዛችሁ ስትነሱ ጠቅ ጠቅ ጠቅ የሚል ከሆነ ደግሞ እሱ ኩሽኔታ ሳይሆን ሲቪ ጆይንት (ሃይል ወደ ጎማ የሚያስተላልፈው ዘንግ መገጣጠሚያ) ነው።

ክሪክ ላይ የሚደረግ ምርመራ

ይሄ ነው ዋናው። ሜዳ ላይ አቁሙ፣ መሬት ለሚቀሩት ጎማዎች ድንጋይ አስደግፉ፣ በክሪክ አንሱትና ስታንድ ወይ ጠንካራ ግንድ ከስር አስገቡ፣ ክሪክ ብቻ ተማምኖ እጅ ማስገባት አይቻልም።

ጎማውን ከላይና ከታች ያዙትና ወደ ውስጥ ወደ ውጪ ነቅንቁት። ጓ ጓ ካለ ወይ ኩሽኔታ ነው ወይ የታችኛው ቦል ጆይንት (እግሩን ከስር የሚይዘው ኳስ መገጣጠሚያ) ነው። እዚህ ጋ ብዙ መካኒክ ቸኩሎ ኩሽኔታ ነው ይላል፣ አትቸኩሉ፣ አንድ ሰው መኪና ውስጥ ገብቶ ፍሬን ይርገጥላችሁና ድጋሚ ነቅንቁት። ፍሬን ተረግጦ ንቅናቄው ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፣ ምክንያቱም ፍሬኑ ዲስኩን አስሮ ይይዘዋል። ፍሬን ተረግጦም ከተነቃነቀ ቦል ጆይንት ወይ ሌላ የእግር እቃ ነው። ግራና ቀኝ ይዛችሁ ስትነቀንቁ ብቻ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ ታይሮድ (መሪውን ከጎማው የሚያገናኘውን ዘንግ) እዩ።

ምንም የማይነቃነቅ ግን የሚጮህ ኩሽኔታ በጣም ብዙ ነው። ለሱ ደግሞ አንድ እጃችሁን ሞላው (ሾክ አብዞርበሩ ላይ ያለው ጥቅልል ብረት) ላይ በደንብ አሳርፉና በሌላው እጅ ጎማውን በፍጥነት አዙሩት። ጤነኛ ኩሽኔታ ሞላው ላይ ምንም አይሰማም፣ የተበላሸው ግን ውስጡ አሸዋ የገባበት ያህል ድርድር የሚል ነገር ጣታችሁ ላይ ይመጣል። ጆሮ የማይሰማውን እጅ ይሰማል፣ በተለይ የግራውንና የቀኙን እያፈራረቃችሁ ስታወዳድሩ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ነው የሚታወቀው። ፍሬን ሸራው ዲስኩን እየነካ ሽ ሽ ቢል ግን አትደንግጡ፣ ያ ሌላ ነው።

ሰው ከኩሽኔታ ጋር የማያያይዛቸው ምልክቶችም አሉ

ኮረኮንች ወይ ጉድጓድ ካለፋችሁ በኋላ መጀመሪያ ፍሬን ስትረግጡ ፔዳሉ ጠልቆ ሁለተኛው ላይ የሚይዝ ከሆነ፣ ኩሽኔታው ላልቶ ዲስኩ እየተወዛወዘ የፍሬን ሸራውን ወደኋላ እየገፋው ሊሆን ይችላል። ሰው ዘይት ይጨምራል፣ አየር ያስወጣል፣ ሸራ ይቀይራል፣ ችግሩ እዛው ነው። የኤቢኤስ መብራት ቦግ እልም ማለትም ከዚህ ሊመጣ ይችላል፣ ሴንሰሩ የሚያነበው ቀለበት በብዙ መኪና ኩሽኔታው ላይ ወይም አጠገቡ ስለሆነ ሲላላ ንባቡ ይዛባል። ከተነዳ በኋላ አንዱ ቸርኬ ከሌላው በጣም ከጋለ ደግሞ መጀመሪያ ፍሬን እንዳልያዘ እዩ፣ አብዛኛው ሙቀት ከፍሬን ነው የሚመጣው።

ለምንድነው የሚያልቀው

አንደኛው ጠላት ውሃ ነው። ክረምት ላይ ጎማ ግማሽ የሚውጥ ጎርፍ ውስጥ መግባት፣ ላቫጆ ላይ ደግሞ ሃይለኛውን ውሃ በቀጥታ የኩሽኔታው መሃል ላይ መልቀቅ ውሃ የሚከለክለውን የጎማ ከንፈር አልፎ ግራሶውን ያጥበዋል፣ ከዛ ዝገት ነው። ሁለተኛው ጉድጓድና ብሬከር ላይ በፍጥነት መግባት፣ ሶስተኛው ሰፋ ያለ ቸርኬ ወይ ስፔሰር ማስገባት፣ ጎማው ወደ ውጪ በወጣ ቁጥር ኩሽኔታው ላይ ያለው ጫና ይበዛል።

ግን እኔን የሚያሳዝነኝ አራተኛው ነው፣ የአገጣጠም። አዲስ ኩሽኔታ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ሲገባ ምቱ በኳሶቹ በኩል ያልፍና ኳሶቹ የሚሄዱበት መንገድ ላይ በዓይን የማይታይ ጉድጓድ ጉድጓድ ያወጣል። የዛን ቀን ዝም ይላል፣ ደንበኛው ከፍሎ ይሄዳል፣ ሳምንታት ቆይቶ ውውው ይጀምራል፣ ከዛ እቃው ፌክ ነበር ይባላል። ፌክ እቃ የለም እያልኩ አይደለም፣ ሞልቷል፣ ግን ኦርጅናል ኮዮ ወይ ኤንኤስኬ የሚባሉትን የጃፓን ኩሽኔታዎች ገዝታችሁም በመዶሻ ካስገባችሁት ያው ነው። ፕሬስ (ሳይመታ እየገፋ የሚያስገባና የሚያወጣ ማሽን) ለሌለው ጋራዥ የፊት ኩሽኔታ አትስጡ፣ ወይ እግሩን (ኩሽኔታው የሚቀመጥበትን ብረት) አስፈትታችሁ ፕሬስ ያለው ቶርኖ ቤት ውሰዱት።

እቃ ስትገዙ

አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ቁጥሩ ጠርዙ ላይ ተጽፏል፣ ለምሳሌ ዳክ (DAC) 40740042 የሚል ካለ የውስጥ ቀዳዳው 40 ሚሊ፣ የውጪው 74፣ ወርዱ 42 ማለት ነው። በአንድ ሚሊ የሚለያዩ አሉ፣ ይሄ ይገባል ከሚል ሻጭ አትግዙ። ኤቢኤስ ላለው መኪና ከአንዱ ጎን ጥቁር ወይ ቡናማ ማግኔት ቀለበት ያለው አለ፣ የሌለውን ከገዛችሁ መብራቱ አይጠፋም።

ሰልባጅ ኩሽኔታ በፕሬስ ለሚገባ ቦታ አትግዙ፣ ምክንያቱም ከአሮጌ መኪና ሲወጣ ራሱ ኳሶቹ ላይ ተገፍቶ ነው የወጣው፣ እጃችሁ የገባው ቀድሞ ተጎድቶ ነው። በጀት ከጠበበ ግን እግሩን ከነኩሽኔታው ሳይፈታ ሙሉውን ሰልባጅ መግዛት ይሻላል፣ አዙራችሁ ሞክራችሁ።

የፊቱን መቀየር

መኪናው መሬት ላይ እንዳለ የሰሚያሱን (ሃይል ወደ ጎማው የሚያስተላልፈውን ዘንግ) ዳዶ አላሉ፣ በቪትዝና በብዙ ኮሮላ 30 ቁጥር ነው። የዳዶው ከንፈር ሰሚያሱ ላይ ያለው ቦይ ውስጥ ተመትቶ ገብቷል፣ መጀመሪያ በሹል ነገር ቀና አድርጉት፣ ካልሆነ ጥርሱን ይበላዋል። ከዛ ተነስቶ ጎማ ይወጣል፣ የኤቢኤስ ሴንሰር በቅድሚያ ይፈታል (ዝጎ ከተያዘ በፒንሳ አትጎትቱት ይሰበራል፣ ዘይት ነክራችሁ ቀስ ብላችሁ አወዛውዙት)፣ ካሊፐሩ በሽቦ ሞላው ላይ ይታሰራል እንጂ በፍሬን ቱቦው አይንጠለጠልም። ሾክ አብዞርበሩን ከእግሩ ጋር የሚያስሩትን ሁለት ቡሎኖች ከመፍታታችሁ በፊት ቦታቸውን በቀለም ምልክት አድርጉ፣ አላይመንቱ ብዙ እንዳይዛባ። ታይሮድና ቦል ጆይንት ተፈተው ሙሉ እግሩ ይወጣል።

ፕሬስ ላይ ሀቡ፣ ማለትም የጎማ ቡሎኖቹ ያሉበት ክብ ብረት፣ ተገፍቶ ይወጣል። የኩሽኔታው ግማሽ የውስጥ ቀለበት ሀቡ ላይ ተጣብቆ መቅረቱ የተለመደ ነው፣ በግራይንደር እስከ ግማሽ ጥልቀት ቆርጣችሁ በመሮ ስትመቱት ይሰነጠቃል፣ ሀቡን ግን እንዳትነኩት። እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ ሀቡ የሚቀመጥበትን ቦታ በጥፍራችሁ ዳስሱት፣ ቦይ ካወጣ ወይ ሰማያዊ ሆኖ ከተቃጠለ ሀቡም ይቀየር፣ አዲስ ኩሽኔታ የተበላ ሀብ ላይ አይቆይም። ስናፕ ሪንጉን (ኩሽኔታውን ቦታው ላይ የሚይዘውን ቀጭን ቀለበት) አውጥታችሁ አሮጌውን ግፉት፣ ቤቱን በደንብ አጽዱ።

አዲሱ ሲገባ ህጉ አንድ ነው፣ ሃይሉ በኳሶቹ በኩል ማለፍ የለበትም። ኩሽኔታውን እግሩ ውስጥ ስታስገቡ የውጪውን ቀለበት ብቻ ግፉ፣ ሀቡን ኩሽኔታው ውስጥ ስታስገቡ ደግሞ ከስር የውስጡን ቀለበት ብቻ አስደግፉ። ሁለተኛውን ነው ሰው የሚረሳው፣ እግሩን ፕሬሱ ላይ አስደግፎ ሀቡን ከላይ ይገፋል፣ ያኔ አዲሱ ኩሽኔታ እዛው ፕሬሱ ላይ ይሞታል። ማግኔት ቀለበት ያለው ጎን ወደ ሴንሰሩ ይዙር፣ ስናፕ ሪንጉ ቦታው ላይ ጠቅ ብሎ መግባቱን አረጋግጡ።

የሰሚያሱ ዳዶ አዲስ ቢሆን ይመረጣል፣ ጥብቀቱ በነዚህ መኪኖች በአብዛኛው 216 ኒውተን ሜትር ነው፣ የራሳችሁን ማኑዋል ግን እዩ። ይሄ አንድ ሜትር ቧንቧ ጫፍ ላይ 22 ኪሎ የማንጠልጠል ያህል ነው። በአየር መፍቻ ግርርር አድርጎ መተው አይሆንም፣ ካነሰ ሁለቱ የውስጥ ቀለበቶች ይላቀቃሉ፣ ከበዛ ኩሽኔታው ይታነቃል። ዳዶው ሳይጠብቅ መኪናውን መሬት ላይ አውርዳችሁ እንዳትገፉት፣ ጥቂት ሜትር እንኳን ይጎዳዋል። ከጠበቀ በኋላ ከንፈሩን ወደ ቦዩ መልሳችሁ ምቱት። የጎማ ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር፣ በመጨረሻም አላይመንት።

የኋላው በጣም ይቀላል። ታምቡሩ (የኋላ ፍሬኑን የሚሸፍነው ክብ ብረት) ወጥቶ አራት ቡሎን ተፈቶ ሀቡ ከነኩሽኔታው ይቀየራል፣ ፕሬስም አይፈልግም። የእጅ ፍሬን ልቀቁ፣ የፊት ጎማዎች ላይ ድንጋይ አድርጉ። ታምቡሩ እምቢ ካለ ፊቱ ላይ የቡሎን ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፣ 8 ሚሊ ቡሎን እያፈራረቃችሁ ስታጠብቁ ራሱ ገፍቶ ይወጣል።

የቆዩ ሃይሎክስ፣ ላንድክሩዘርና አይሱዙ

የነዚህ የፊት ኩሽኔታ ሾጣጣ ሮለር ነው፣ ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ግራሶ ይሞላል፣ ይስተካከላል። ስለዚህ ከላላ ወዲያው አትቀይሩ፣ አውጥታችሁ እዩት፣ ሮለሮቹ ያልተበሉ ያልጠቆሩ ከሆነ ማጠብና ማጥበቅ ይበቃዋል። ግራሶ ከላይ መቀባት ዋጋ የለውም፣ መዳፋችሁ ላይ ግራሶ አድርጋችሁ የኩሽኔታውን ሰፊ ጠርዝ እየገፋችሁ በሮለሮቹ መሃል አልፎ በላይ በኩል እስኪወጣ ድረስ ዙሪያውን ሙሉት። ሲጠብቅ ጎማው እየተሽከረከረ ነው የሚጠብቀው፣ ከዛ ላላ ተደርጎ እንደገና በልኩ ይያዛል። ከተቀየረ ደግሞ ሮለሩም የሚቀመጥበት የውጪው ቀለበትም አብረው ይቀየሩ።

የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁ ደግሞ፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ በኋላ ቁጥራችሁ በዝቷል፣ ጩኸቱን የሚሸፍን የሞተር ድምፅ ስለሌለ ትንሹም ይሰማችኋል፣ ቶሎ መስማታችሁ ጥሩ ነው። ባትሪው ከባድ ስለሆነ ክሪክ የሚገባበትን ቦታ ከማኑዋሉ ሳታዩ እንዳታነሱት።

እስከዛው መንዳት ይቻላል ወይ? ድምፅ ብቻ ካለው ጋራዥ እስክትደርሱ ቀስ ብላችሁ ከተማ ውስጥ ይሆናል። ጎማው ከተነቃነቀ ግን አቁሙት፣ በተለይ እንደ ጣርማ በር አይነት ቁልቁለት ላይ ይዛችሁት እንዳትወርዱ፣ ኩሽኔታ ሲበተን ጎማ ይቆልፋል ወይ ይወጣል፣ ፍሬኑም አብሮ ነው የሚሄደው።

ከተቀየረ በኋላ 60 ላይ ያንኑ የኒውትራል ምርመራ ድገሙት። የጎማውን ዳዶዎች 100 ኪሎሜትር ገደማ ከሄዳችሁ በኋላ ድጋሚ አጥብቁ። ድምፁ አሁንም ካለ የዛኛውን ጎን ኩሽኔታ በሞላው ፈትሹ፣ ያረጀ መኪና ላይ ሁለቱ ተቀራርበው ነው የሚያልቁት፣ የበለጠ የሚጮኸው ሲወጣ የሌላው ድምፅ መሰማት ይጀምራል።