እርጥብ የሚመስለውን መንገድ ተጠንቀቁ

በብርድ ወቅት መኪና ለምታሽከረክሩ ሁሉ ይህን ልንገራችሁ። ነጭ ሆኖ የተከመረውን በረዶ ዓይን ያየዋል፤ ይበልጥ የሚያስፈራው አስፋልቱ ላይ እንደ መስታወት ስስ ሆኖ የሚጋገረው ነው። መንገዱ እርጥብ ብቻ ይመስላል። ድልድይ ላይ ስትደርሱ በተለይ ፍጥነታችሁን ቀንሱ፤ ቀዝቃዛው አየር ከላይም ከታችም ስለሚያገኘው ከሌላው መንገድ ቀድሞ በረዶ ይይዛል። 0 ዲግሪ አካባቢ ያለው በረዶ ደግሞ በከባድ ብርድ ከደረቀው ይልቅ ያንሸራትታል።

መኪናው መንሸራተት ከጀመረ፣ እባካችሁ፣ ፍሬኑን በድንገት አትርገጡ። እግር በድንጋጤ ወደዚያ እንደሚሮጥ አውቃለሁ። ነዳጅ መስጫውን በቀስታ ልቀቁ፤ ዓይናችሁን ከገደሉ ወይም ከዛፉ ላይ አንሥታችሁ መሄድ የምትፈልጉበትን አቅጣጫ ተመልከቱ፤ መሪውንም በእርጋታ ወደዚያው አዙሩ። እጅ ዓይንን ይከተላል። የግድ መቆም ካለባችሁና መኪናው ኤቢኤስ (ፍሬን ሲረገጥ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚከላከል መሣሪያ) ካለው ግን ፍሬኑን አጥብቃችሁ ርገጡ፤ ፔዳሉ ቢንቀጠቀጥ ሥራውን እየሠራ ነውና አትልቀቁት። ኤቢኤስ ከሌለው ረገጥ ለቀቅ ማድረግ ይሻላል።

በረዶ ላይ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ከደረቅ መንገድ እስከ 10 እጥፍ ሊደርስ ስለሚችል ከፊታችሁ ካለው መኪና ራቁ። ቁልቁለት ከመጀመራችሁ በፊት ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ቀይሩ። አራቱም ጎማዎች የሚነዱበት መኪና ያላችሁም አትዘናጉ፤ ያ ለመነሣት ይረዳል እንጂ ለመቆም አያግዝም።