የጫማ ቁምሳጥን ሲሸትና ሲሻግት

ማጠፊያው ከላላ ብሎኑን አጥብቁት፤ ቀዳዳው ከሰፋ የክብሪት እንጨት ኮላ ቀብታችሁ ሰክታችሁ መልሳችሁ እሰሩት። መሳቢያው ከያዘ ሻማ እሹበት። አይጥ ከገባ ቀዳዳውን በቆርቆሮ ድፈኑት።

ሻጋታው ግን ሌላ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ ሐምሌና ነሐሴ ግድግዳው ሌት ተቀን ቀዝቃዛ ነው። እርጥብ ጫማ አስገብታችሁ በሩን ስትዘጉት፣ ከጫማው የሚወጣው እንፋሎት ከግድግዳው ጋር በተጣበቀው የጀርባ ሉህ ላይ ውሃ ይሆናል። ሽታው የሚመጣው ከዚያ ነው፤ የቆዳ ጫማው ላይ አመድ የተነፋበት የሚመስለውም ሻጋታ ከዚያ ነው።

አንዲት እናት ክረምት ላይ ጠርተውኝ «ልጄ፣ ጫማው ነው የተበላሸው» አሉኝ። ቁምሳጥኑን ከግድግዳው ሳብ ሳደርገው የጀርባው ሉህ እንደ ራሰ ካርቶን እጄ ላይ ተቆረሰ። ግድግዳው ላይ የቁምሳጥኑ ቅርጽ በጥቁር ሻጋታ ታትሟል። ታችኛው መደርደሪያ ላይ የልጃቸው ቦቲ ከነጭቃው ተቀምጧል። ይህን በስንቱ ቤት አየሁት!

መጀመሪያ ሁሉንም አውጡ። ጫማውን ደጅ አራግፉ፤ ቤት ውስጥ ካራገፋችሁት ብናኙ ሌላው ላይ ያርፋል። መደርደሪያውን እኩል ውሃ በተቀላቀለበት አቼቶ ወልውሉና ከፍታችሁ አንድ ቀን ሙሉ አድርቁት። አቼቶና በረኪና ፈጽሞ አትቀላቅሉ፣ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። በረኪና የቆዳ ጫማ አይንካ።

ከዚያ ጀርባውን ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት ቦታ ብሱት። ከግድግዳ 5 ሳንቲ ሜትር አርቁት፤ ከወለሉም በእግር ከፍ ይበል። ያበጠ ችፑድ ደርቆ አይመለስም፣ ለውጡት። ስትገዙም የሉሁን ጠርዝ በጣታችሁ ዳስሱ፤ በፕላስቲክ ያልታሸገ ከሆነ ክረምት አይሻገርም፣ ይህን እያወቁ የሚሸጡ ሰዎች ያናድዱኛል።

የረጠበ ጫማ የውስጥ ሶሉን አውጥታችሁ ጋዜጣ ጠቅጥቁበት፤ ጋዜጣው ሲርስ ለውጡት። ከሰል ዳር አታድርቁ! ለበዓል የተገዛ አዲስ ጫማ በአንድ ሌሊት ተሰንጥቆ አይቻለሁ። ቦቲና ኮንጎ በረንዳ ይደሩ፤ ቁምሳጥኑ የደረቀ ጫማ ብቻ ይያዝ፣ የዘወትሩ ከታች፣ የክቱ ከላይ።