ሕፃኑ ሌሊት ለሚገፈው ብርድ ልብስ ያገኘሁት መላ

ባሕር ዳር ቀኑ ቢሞቅም ከኅዳር እስከ ጥር ንጋት ላይ ይቀዘቅዛል። የእህቴ የአምስት ወር ልጅ ግን ጋቢውን በእግሩ እየረገጠ ይገፈዋል፤ አንዳንዴም ወደ ፊቱ ይወጣል። ያስፈራኝ ይኼኛው ነው። ጨቅላ አፍንጫው ላይ ያረፈ ጨርቅ ማንሳት ላይችል ይችላል። ባለ አራት ድርብ ጋቢ ደግሞ ይከብደዋል።

ስለዚህ የሚለበስ ብርድ ልብስ ሰፋሁለት፦ እጅጌ የሌለው፣ ከታች የተዘጋ። ከቅዳሜ ገበያ የጥጥ ኩታ ገዛሁ። የእጅ ሸማ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ ሳልቆርጠው በፊት በሙቅ ውኃ አጥቤ አደረቅሁት። ርዝመቱን ከትከሻ እስከ ተረከዝ ለክቼ 15 ሴንቲ ሜትር ጨመርኩ። ታቹን ሰፊ አደረግሁት፤ እግሮቹ ታጥፈው ወደ ጎን መከፈት ካልቻሉ ለዳሌው መገጣጠሚያ ጥሩ አይደለም። አንገቱ ግን ጠበብ ማለት አለበት፣ ጭንቅላቱ ወደ ውስጥ እንዳይሰምጥ።

ከሁሉም በላይ የተጨነቅሁበት ክር ነው። ዘርፉን ሙሉ በሙሉ ቆርጬ ጣልኩት። ውስጥ የቀረ አንድ ልቅ ክር የሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ የደም ዝውውሩን ሊያግድ ይችላል፤ ስለዚህ ስፌቱን በውጭ በኩል አድርጌ በጥብጣብ ሸፈንኩት። ቁልፍ ተነቅሎ ሊዋጥ ስለሚችል አልተከልኩም፤ ማሰሪያም የለውም። ከፊት ዚፕ ነው፣ አገጩን እንዳይነካው ጫፉ ላይ ጨርቅ ደርቤበታለሁ።

አሁን አጎበሩ ውስጥ ሌላ ምንም ሳይደረብለት በጀርባው ይተኛል። እናቶች፣ ሙቀቱን በእጁ አትለኩ፤ ማጅራቱን ንኩት፣ ካላበው የውስጥ ልብሱን ቀንሱለት። ሲያድግ እንዲረዝምለት ከታች 8 ሴንቲ ሜትር አጥፌ አስቀርቻለሁ።