ከምንጩ ወዲያ፦ አፈ ታሪክን መሠረት ያደረገ ፋንታሲን ሲያጠኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አፈ ታሪክን መሠረት ባደረጉ የፋንታሲ ልብ ወለዶች ላይ የሚጻፉ ጥናቶች ብዙዎቹ የሚወድቁት አንድ ቦታ ላይ ነው። ጸሐፊው ጉልበቱን ሁሉ ልብ ወለዱ ከየትኛው ጥንታዊ ትረካ እንደተቀዳ በማሳየት ይጨርሳል፤ ያን ካሳየ በኋላ የሚናገረው ያጣል። ደራሲው የወረሰውን ትረካ ምን አደረገው? ምኑን ጣለ፣ ምኑን ገለበጠ፣ ለምንስ? ጥናት የሚጀምረው ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ጥያቄ በመዝለል የሚፈጠሩ ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምንጩን ማግኘትን መደምደሚያ ማድረግ

እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን በ1937 ባሳተመው «ዘ ሆቢት» ውስጥ የሚገኙት የድንኮች ስሞች ከሞላ ጎደል ሁሉም «ቮሉስፓ» ከተባለው ጥንታዊ የኖርስ (የስካንዲኔቪያ) ግጥም የተወሰዱ ናቸው። ጋንዳልፍ የሚለው የአስማተኛው ሽማግሌ ስምም በዚያው የድንኮች ዝርዝር ውስጥ አለ። ይህ ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ እንደ አዲስ ግኝት ገጽ ሙሉ ቢጻፍበት ለአንባቢ የሚጨምርለት ነገር የለም።

ቁም ነገሩ ያለው ከዚያ ወዲያ ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ ጋንዳልፍ የድንኮቹ አለቃ ስም ነበር፤ አስማተኛው ሽማግሌ ይጠራ የነበረው ብላዶርቲን ተብሎ ነው። ስሙ ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረው በጽሕፈቱ መካከል ነው። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ቶልኪን በ«የቀለበቶቹ ጌታ» አባሪ ላይ ድንኮቹ የኖርስ ስም የያዙበትን ምክንያት ከራሱ ዓለም ውስጥ አበጀለት። ድንኮች እውነተኛ ስማቸውን ለባዕድ አይገልጡም፤ በአደባባይ የሚጠሩበት ስም ከሰሜን ሰዎች ቋንቋ የተዋሱት ነው። ከግጥም የተበደረ የስም ዝርዝር አንድ ሕዝብ ራሱን ከሌሎች የሚሰውርበት ባህል ሆነ ማለት ነው። ይህን ለውጥ የተከታተለ አጥኚ ስለ ቶልኪን የፈጠራ መንገድ የሚናገረው አለው፤ ዝርዝሩን ከዝርዝር ጋር ያመሳከረ ብቻ ግን የለውም።

ቶልኪን ራሱ በ1939 በሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ አቅርቦት በኋላም አስፍቶ ባሳተመው ስለ ተረት የሚያወሳ ንግግሩ፣ ከተረት ተርጓሚው ከዳሰንት አንድ ምሳሌ ተውሶ ነበር። የቀረበልን ሾርባ ይብቃን፣ የተቀቀለበትን የበሬ አጥንት ለማየት አንመኝ የሚል ነው፤ ሾርባው ታሪኩ፣ አጥንቱ ምንጩ መሆኑ ነው። እኔ እስከዚህ ድረስ አልሄድም። አጥንቱን ማየት ይጠቅማል፤ አይቶ ወደ ሾርባው አለመመለስ ነው ጥፋቱ።

መመሳሰልን እንደ ማስረጃ መቁጠር

አሜሪካዊቷ ደራሲ ኡርሱላ ለ ጊን ኧርዝሲ ስለተባለ የደሴቶች ዓለም በ1968 ባሳተመችው የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ ጌድ የተባለው ወጣት አስማተኛ በትዕቢቱ አንድ ጥላ ወደ ዓለም ይለቅቃል። በመጨረሻም ጥላውን በገዛ ራሱ ስም ጠርቶ ከራሱ ጋር ያዋሕደዋል። ስለ ሥነ ልቦና ጥቂት ያነበበ ሰው ሰው የካደውን የራሱን ጨለማ ጎን «ጥላ» የሚለው የካርል ዩንግ ትምህርት ወዲያው ትዝ ይለዋል፤ «ለ ጊን ከዩንግ ወሰደች» ብሎ ለመጻፍም አይዘገይም። እርሷ ግን መጽሐፉን ስትጽፍ ዩንግን አንብባ እንደማታውቅ ተናግራለች። ያደገችው በአንትሮፖሎጂ ምሁሩ በአልፍሬድ ክሮበር ቤት ነው። ከቻይናው የታኦ ትምህርት ጋር የነበራት ቁርኝት ደግሞ የዕድሜ ልክ ነበር፤ በ1997 የታኦ ቴ ቺንግን የራሷን እንግሊዝኛ ቅጂ እስከ ማሳተም ደርሳለች። ምንጭ የሚፈልግ ሰው ከዚህ ቢጀምር ይሻለዋል።

ዩንግን ይዞ ኧርዝሲን ማንበብ ክልክል አይደለም። ነገር ግን «በዩንግ ዓይን ሳነበው» ማለትና «ዩንግ ተጽዕኖ አሳድሮባታል» ማለት የተለያዩ ናቸው። ሁለተኛው ማስረጃ ይጠይቃል፦ ደራሲው ያንን ጽሑፍ አንብቧል? መቼ? በየትኛው ቋንቋ? የጻፈው ደብዳቤ፣ የተወው ረቂቅ፣ የተናገረው ቃል አለ?

ማስረጃው ሲሟላ ምን እንደሚመስል ለማየት ቱሪን የተባለውን የቶልኪን ጀግና ታሪክ መውሰድ ይቻላል። ቶልኪን ተማሪ ሳለ የፊንላንዱን የጀግንነት ግጥም «ካሌቫላ»ን በ1907 በወጣው የከርቢ ትርጉም አነበበ። በ1914 ገደማ ከውስጡ የኩለርቮን ታሪክ በራሱ አጻጻፍ መተረክ ጀመረ፤ ቱሪን ከዚያ መወለዱንም በደብዳቤዎቹ ጽፏል። ሰንሰለቱ ሙሉ ነው። ሁለቱም ሳያውቁ ከእህታቸው ጋር ይተኛሉ፤ ሁለቱም በመጨረሻ ሰይፋቸውን አነጋግረው በእርሱ ላይ ይወድቃሉ። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? በ«ካሌቫላ» ሽማግሌው ቫይናሞይነን የኩለርቮን ሞት ሲሰማ ሕፃን በክፉ አያያዝ አይደግ ብሎ ይመክራል፤ ጥፋቱ የአስተዳደግ ነው። በቱሪን ላይ ግን በአባቱ ምክንያት በቤተሰቡ ላይ የወረደ እርግማን ከገዛ ትዕቢቱ ጋር ተጣምሮ ይሠራል፤ የትኛው እንደገደለው መለየት ያስቸግራል። አንድ ጥሩ የጥናት ጽሑፍ በዚህ ጥያቄ ላይ ብቻ ሊቆም ይችላል።

አፈ ታሪኩ አንድ እውነተኛ ቅጂ አለው ብሎ ማሰብ

ሜዱሳን የግፍ ሰለባ አድርገው የሚተርኩ የዘመናችን ልብ ወለዶች «ወደ ጥንታዊው ታሪክ ተመለሱ» ሲባል ይሰማል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ700 ገደማ የኖረው ግሪካዊው ሄሲዮድ ሜዱሳን የሚያውቃት ከሦስቱ የጎርጎን እህትማማቾች አንዷ፣ ከመካከላቸውም ሟቿ እርሷ ብቻ እንደሆነች አድርጎ ነው። በቤተ መቅደስ ውስጥ ተደፍራ ጸጉሯ ወደ እባብ የተለወጠባት ቆንጆ ልጃገረድ የምናገኘው ከሰባት መቶ ዓመት በኋላ በሮማዊው ባለቅኔ በኦቪድ ዘንድ ነው። ስለዚህ የዛሬው ልብ ወለድ አልተመለሰም፤ መረጠ። ለምን ኦቪድን እንደመረጠ ነው መጠየቅ ያለብን።

የኖርስ አማልክት ታሪክ ዋና ምንጭ የሆነው የአይስላንዳዊው ስኖሪ ስቱርሉሰን «ኤዳ» የተባለ መጽሐፍም ቢሆን የተጻፈው በ1220 ገደማ ነው፤ አይስላንድ ክርስትናን ከተቀበለች ሁለት መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በክርስቲያን እጅ፣ ባለቅኔዎች የጥንቱን የግጥም ጥበብ እንዳይረሱ ለማስተማር። «ካሌቫላ»ም ኤልያስ ሎንሮት ከሕዝብ አፍ የሰበሰባቸውን ዘፈኖች መርጦ፣ አያይዞና አስተካክሎ በ1835፣ ከዚያም አስፍቶ በ1849 ያሳተመው ሥራ ነው። የአንትሮፖሎጂ ምሁሩ ክሎድ ሌቪ ስትራውስ በ1955 አንድ አፈ ታሪክ ማለት የቅጂዎቹ ሁሉ ድምር ነው ሲል የጻፈው እንዲህ ያለውን ነገር ይዞ ነበር። ደራሲው በእጁ የያዘው የትኛውን እትም፣ የማንን ትርጉም እንደሆነ ሳያጣሩ «ከኖርስ አፈ ታሪክ ተወሰደ» ብሎ መጻፍ ምንም እንዳልጻፉ ይቆጠራል።

ለዋናው አለመታመንን እንደ ጉድለት ማየት

በመካከለኛው ዘመን የዌልስ ትረካዎች ስብስብ በ«ማቢኖጊዮን» ውስጥ አራውን የሌላኛው ዓለም ንጉሥ ነው፤ ከልዑል ፑይል ጋር መልክና ዙፋን ለአንድ ዓመት ተለዋውጠው በክብር የሚለያዩ ወዳጆች ይሆናሉ። አሜሪካዊው ሎይድ አሌክሳንደር ከ1964 እስከ 1968 ባሳተማቸው አምስት የፕራይደይን መጻሕፍት ግን ይኸው አራውን የሞት ጌታ፣ ዋነኛው ክፉ ሆነ። «አሌክሳንደር ተሳሳተ» የሚል ጥናት በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል። የዌልሱ ትረካ ክፉን ከአንድ አካል ጋር አያጣብቅም፤ የአሜሪካዊው የልጆች መጽሐፍ ደግሞ አንድ የአሳማ ጠባቂ ልጅ የሚቋቋመው ጠላት ያስፈልገዋል። ይህ ፍላጎት ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ ይጽፋል።

ካምቤልን እንደ መለኪያ መጠቀም

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ብዙ ጎበዝ ተማሪዎች የሚባክኑበት ስለሆነ። አሜሪካዊው የአፈ ታሪክ ጸሐፊ ጆሴፍ ካምቤል በ1949 ባሳተመው መጽሐፉ የዓለም ጀግኖች ሁሉ በአንድ መንገድ ይጓዛሉ ይላል፦ ጥሪ፣ መውጣት፣ ፈተና፣ መመለስ። ተማሪው ልብ ወለዱን ይወስድና እያንዳንዱን ደረጃ ከአንድ ምዕራፍ ጋር ያዛምዳል። ሁልጊዜም ይገጥማል። ሁልጊዜ የሚገጥም መለኪያ ግን ስለ አንዱ መጽሐፍ የተለየ ነገር አይነግረንም።

ዘመኑም መታየት አለበት። «ዘ ሆቢት» ከካምቤል መጽሐፍ በአሥራ ሁለት ዓመት ይቀድማል። ጆርጅ ሉካስ በ1977 ለወጣው ፊልሙ ለ«ስታር ዎርስ» የካምቤልን ውለታ በይፋ ከመሰከረ ወዲህ ደግሞ ያ መጽሐፍ የድርሰት መመሪያ ሆኗል። ከዚያ በኋላ በተጻፈ ልብ ወለድ ውስጥ የጀግናውን ጉዞ ማግኘት የሰው ልጅ ነፍስ አንድ መሆኑን አያስረዳም፤ ደራሲው መመሪያውን ማንበቡን ሊያስረዳ ይችላል።

ከመለኪያው የሚያመልጠው ነገር ዋጋ ይበልጣል። በ1971 የወጣው ሁለተኛው የኧርዝሲ መጽሐፍ ባለታሪክ ቴናር በሕፃንነቷ ከቤተሰቧ ተወስዳ፣ ስሟን ተነጥቃ፣ የስም አልባ ኃይላት ካህን የሆነች ልጅ ናት። ወደ የትም አትጓዝም፤ በጨለማ መተላለፊያዎች ውስጥ ትኖራለች፣ እንግዳው ወደ እርሷ ይመጣል፣ ገድሏም መውጣት ነው። ካምቤልን የያዘ አንባቢ ቴናርን የጌድ ረዳት አድርጎ ያልፋታል። ለ ጊን በ1990 ወደ እነዚያው ደሴቶች ተመልሳ ኃይል የማን ነው የሚለውን ጥያቄ በሴቶች በኩል እንደገና ማንሳቷ፣ እንዲህ ያለው ንባብ ምን እንደሚያጎድል ያሳያል።

ሩሲያዊው የተረት አጥኚ ቭላዲሚር ፕሮፕም አንዳንዴ እንዲሁ ይበደላል። በ1928 ያወጣቸው 31 «ተግባራት»፣ ማለትም በተረት ውስጥ የሚደጋገሙ የድርጊት ዓይነቶች፣ የተገኙት ከአፋናሲየቭ ስብስብ ከተመረጡ አንድ መቶ የሩሲያ ተረቶች ነው፤ ለአንድ ዓይነት ተረት እንጂ ለልብ ወለድ ሁሉ አልቀረቡም።

ጊዜ ያለፈበትን ንድፈ ሐሳብ እንደ ታሪክ መጥቀስ

እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሮበርት ግሬቭስ በ1948 የጥንት አውሮፓ ልጃገረድ፣ እናትና አሮጊት የሆነች አንዲት ባለ ሦስት ገጽ አምላክ ታመልክ ነበር ብሎ ጻፈ። የታሪክና የኬልት ጥናት ምሁራን አልተቀበሉትም፤ ባለቅኔዎችና ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ግን በፍቅር አነበቡት። ስለዚህ ይህች አምላክ በአንድ የ1970ዎቹ ፋንታሲ ውስጥ ስትገለጥ የመጣችው ከጥንት ኬልቶች ጫካ ሳይሆን ከ1948ቱ መጽሐፍ ሊሆን ይችላል። የሚሞተውና የሚነሣው ንጉሥም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአንትሮፖሎጂ ምሁሩ ከጄምስ ፍሬዘር ነው። የአፈ ታሪክ ንድፈ ሐሳቦች ራሳቸው የፋንታሲ ምንጮች ናቸው፤ እንደ ምንጭ ይጠኑ።

ሁሉን ነገር ምስጢራዊ ምሳሌ ማድረግ፣ ወይም የደራሲውን ቃል እንደ ፍርድ መቀበል

በ«የቀለበቶቹ ጌታ» ውስጥ ያለው ኃያል ቀለበት አቶሚክ ቦምብ ነው ያሉ ነበሩ። ቶልኪን ለ«የቀለበቶቹ ጌታ» ሁለተኛ እትም በጻፈው መቅድም ይህን ዓይነት ንባብ አልተቀበለም፤ አንባቢው ታሪኩን በነጻነት ከራሱ ሕይወት ጋር ማዛመዱና ደራሲው በአንባቢው ላይ አንድ ትርጉም መጫኑ የተለያዩ ናቸው አለ። የናርኒያ መጻሕፍት ደራሲ ሲ. ኤስ. ሉዊስም አስላን የተባለው አንበሳ ምሳሌ ሳይሆን ግምት ነው ብሏል፦ ናርኒያን የመሰለ ዓለም ቢኖር ክርስቶስ በዚያ ምን ይመስል ነበር?

የእነርሱ ቃል ግን ፍርድ ቤት የሰጠው ውሳኔ አይደለም። ቶልኪን በ1951 ገደማ ስለ አፈ ታሪኩ ሁሉ የጻፈው፣ ብዙ የሚጠቀሰው ረጅም ደብዳቤ የተላከው «የቀለበቶቹ ጌታ»ንና «ሲልማሪሊዮን»ን አብሮ ያሳትምልኛል ብሎ ተስፋ ላደረገበት የአሳታሚ ድርጅት ሰው ነበር። የማሳመኛ ጽሑፍ ነውና እንደዚያው ይነበብ። «ሲልማሪሊዮን»ም ቢሆን ቶልኪን ከሞተ አራት ዓመት በኋላ፣ በ1977፣ ልጁ ክሪስቶፈር ከብዙ የማይስማሙ ረቂቆች መርጦና አገጣጥሞ ያሳተመው ነው። ከ1983 እስከ 1996 የወጡት አሥራ ሁለት ቅጾች ረቂቆቹ እንዴት እንደተለዋወጡ ያሳያሉ። ያለ እነርሱ «ቶልኪን እንዲህ አለ» ማለት ድፍረት ነው።

ቶዶሮቭን ያለ ቦታው መጥራት

የሥነ ጽሑፍ ንድፈ ሐሳብ ምሁሩ ጽቬታን ቶዶሮቭ በ1970 «ፋንታስቲክ» ብሎ የጻፈው አንባቢው ክስተቱ ተፈጥሯዊ ነው ወይስ ከተፈጥሮ በላይ እያለ ስለሚያመነታባቸው ታሪኮች ነው። ዘንዶ መኖሩን ማንም የማይጠራጠርበት ዓለም ከዚያ ውጭ ነው። ለዚህ ዓለም የፋንታሲ አጥኚዎቹ የብራያን አተበሪና የፋራ ሜንድልሶን ሥራዎች ይበልጥ ይረዳሉ፤ በተለይ ሜንድልሶን በ2008 ያቀረበችው፣ ድንቁ ወደ ታሪኩ የሚገባባቸው አራት መንገዶች ክፍፍል።

ሕያው እምነትን እንደ ሞተ ቅርስ ማየት

የግሪክ አማልክትን በተመለከተ የለመድነውን ነጻነት ይዘን ወደ ዮሩባ፣ ወደ ሂንዱ ወይም ወደ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ትረካ ስንገባ ብዙ እናበላሻለን። እነዚህ ትረካዎች ዛሬም የሚጸለይባቸው፣ አንዳንዶቹም በወቅታቸውና በባለቤታቸው ብቻ የሚነገሩ ናቸው። አንድ የዚያ ማኅበረሰብ ደራሲ በልብ ወለዱ ውስጥ የገለጠው መንፈስ ለእርሱ ልብ ወለዳዊ ፈጠራ ላይሆን ይችላል፤ «ፋንታሲ» ብሎ መፈረጁ ራሱ ክርክር የሚያስነሳ ስለሆነ በጥናቱ ውስጥ መከራከሪያው መቅረብ አለበት።

ሁለተኛው ጥፋት የዘር ሐረጉን ከእንግሊዝ ብቻ መቁጠር ነው። ናይጄሪያዊው ዲ. ኦ. ፋጉንዋ አንድ አዳኝ መናፍስት በሞሉበት ጫካ የሚያደርገውን ጉዞ በዮሩባ ቋንቋ ያሳተመው በ1938 ነው። አሞስ ቱቱኦላ ከዚያው ትውፊት ተነሥቶ የሞተ የዘንባባ ጠጅ ቀጂውን ፍለጋ ወደ ሙታን ከተማ የሚሄድ ሰው ታሪክ በእንግሊዝኛ ጽፎ በ1952 ለንደን ላይ አሳተመ፤ «የቀለበቶቹ ጌታ» የመጀመሪያ ቅጽ ከመውጣቱ ሁለት ዓመት ቀድሞ። እነዚህን ሁለት ሰዎች «የአፍሪካ ቶልኪን» ብሎ መጀመር ከመጀመሪያው መስመር መሳሳት ነው። ፋጉንዋ ክርስቲያን መምህርም ነበርና በጫካው ውስጥ የጥንት መንፈስና የስብከት ድምፅ ጎን ለጎን ይሰማሉ፤ «ንጹሕ አፍሪካዊ አፈ ታሪክ» የሚፈልግ ሰው ይህንን ድምፅ ሳይሰማ ያልፋል። ብዙዎቻችን ደግሞ መጽሐፉን የምናገኘው በ1968 በወጣው የዎሌ ሾይንካ እንግሊዝኛ ነው። ሾይንካ ራሱ ታላቅ ደራሲ ስለሆነ፣ ዮሩባ የማያነብ አጥኚ የሚያደንቀው ዐረፍተ ነገር የማን እንደሆነ ዮሩባ ከሚያነብ ሰው ጋር ሳያመሳክር ስለ ፋጉንዋ አጻጻፍ መደምደሚያ አይስጥ።