ሁሉ ጠፍቶ ባትሪው የሚያልቅበት ተጎታች ቤት፦ ምክንያቱን እንዴት እናገኛለን?

መብራቱን አጥፍታችኋል። ፓምፑም ቴሌቪዥኑም ጠፍተዋል። ከአራት ቀን በኋላ ስትመለሱ ግን ባትሪው ባዶ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ አዲስ ባትሪ ገዝቶ ይመጣል። እባካችሁ አትቸኩሉ። አሮጌውን የጨረሰው ነገር አዲሱንም ይጨርሰዋል። አንድ መልቲሜትር (ቮልትና አምፒር መለኪያ) ካላችሁ ምክንያቱ በግማሽ ቀን ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

1. ባትሪውን ለብቻው ፈትሹ

ሙሉ ቻርጅ አድርጉት። ቻርጀሩን ንቀሉ፣ የኔጋቲቩን ሽቦ ፍቱና አሳድሩት። አጠገቡ ሲጋራም እሳትም አይኑር፤ ቻርጅ ሲደረግ የሚወጣው ጋዝ ይቀጣጠላል። ሊድ አሲድ ባትሪ አድሮ 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው። 12.2 ግማሽ ገደማ ነው። ምንም ሳይያያዝበት በአንድ ሌሊት ወደዚያ ከወረደ የደከመው ራሱ ባትሪው ነው። የሊትየም ባትሪ ቁጥሮች ግን ሌላ ናቸው፤ በእነዚህ አትለኩት።

2. የሚወጣውን አምፒር ለኩ

ከውጭ የሚመጣውን ኤሌክትሪክና ከመኪናው የሚመጣውን ገመድ ንቀሉ። ሶላር ካለ እሱንም ለዩት፤ እየሞላ የሚወጣውን ይደብቅባችኋል። የድንገተኛ ፍሬኑ (ተጎታቹ ከመኪናው ቢላቀቅ የሚይዘው) ፒን ቦታው ላይ መሆኑንም እዩ። ፒኑ ከወጣ ፍሬኑ እንደተያዘ ይቆይና ባትሪውን በፍጥነት ይጨርሰዋል።

አሁን የሜትሩን ቀይ ገመድ 10 አምፒር የሚለው ቀዳዳ ላይ ሰኩ። አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን በተፈታው ሽቦ ላይ አድርጉ። በዚህ ጊዜ ፓምፕም ሆነ ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው) እንዳታበሩ፤ የሜትሩ ፊውዝ ይቃጠላል።

0.5 አምፒር ብታዩ ምንም አይመስልም አይደል? በ24 ሰዓት ስታባዙት ግን በቀን 12 አምፒር ሰዓት ነው። የ100 አምፒር ሰዓት ሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ባይወርድ ይሻላል። ስለዚህ 50ው በአራት ቀን አለቀ ማለት ነው።

3. ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀሉ

ሁለት ሰው ብትሆኑ ይቀላል፤ አንዱ ይነቅላል፣ ሌላው ቁጥሩን ያነባል። ቁጥሩ ድንገት የወረደበት ፊውዝ መስመሩን ይነግራችኋል። ፍሪጁ በጋዝ ሲሠራም የመቆጣጠሪያ ቦርዱ ኤሌክትሪክ ይጠቀማል። የሬዲዮው ሰዓትና ሥራ ፈትቶ የበራ ኢንቨርተርም እንዲሁ። እኔን ብዙ ያለፋኝ ግን የቴሌቪዥን አንቴና ማጉያው ነው። ሶኬቱ አጠገብ ያለች አንዲት ቁልፍ፣ ከመጋረጃ ጀርባ የምስር ፍሬ የምታህል መብራቷ ቀን ከሌት በርታ ኖራለች።

የጋዝ ማስጠንቀቂያውም ባትሪ ይጠቀማል። ሰው በሚያድርበት ቤት ግን በፍጹም አታጥፉት።

ፊውዞቹ ሁሉ ተነቅለው ቁጥሩ ካልወረደ፣ በቀጥታ ከባትሪው የተያያዘ ነገር ፈልጉ።

4. ምናልባት ቻርጅ እየሆነ አይደለም

ባትሪውን የሚጨርስ ነገር ካላገኛችሁ ሁሉንም መልሳችሁ ግጠሙና የውጭውን ኤሌክትሪክ ሰኩ። ባትሪው ላይ ከ13 ቮልት በላይ መታየት አለበት። ኮንቨርተሩ (የውጭውን ኤሌክትሪክ ቀይሮ ባትሪውን የሚሞላው) ላይ 13.6፣ ባትሪው ላይ ግን 12.4 ከሆነ ኃይሉ መንገድ ላይ እየቀረ ነው። መጀመሪያ ኮንቨርተሩ ላይ ያሉትን ፊውዞች እዩ፤ የባትሪው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ተገላብጦ ታስሮ ከነበረ የሚቃጠሉት እነሱ ናቸው።

ቀጥሎ ኔጋቲቩ ከሻንሲው ጋር የታሰረበትን ብሎን ፍቱ። ከውጭ ጠንካራ ይመስላል። ሲፈታ ግን ከስሩ ዝገት ወይም ቀለም ታገኛላችሁ። ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉት፣ አጥብቃችሁ እሰሩና ላዩን ግሪስ ቀቡት።

የተቃጠለ ፊውዝ በትልቅ አትተኩ። ፊውዙ ሳይቃጠል ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይቃጠላል። የውጭው ከፍተኛ ቮልት መስመር ደግሞ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ለኤሌክትሪሻን ስጡት።

ሲያልቅ የአምፒሩን ልኬት ድገሙና ቁጥሩን ጻፉት። በሚቀጥለው ጊዜ ባትሪው ሲደክም የምታወዳድሩት እሱን ነው።